ሼልን ስናዝ፤ ክፍት ቦታና ባዶ ስም የሚያመጡት ጣጣ

በኮምፒዩተር ላይ የተከማቹ አንድ ሺህ ፋይሎች ስማቸው ይለወጥ ቢባል ሥራው እንዴት ይሠራል? እያንዳንዱን ፋይል በማውዝ እየነኩ፣ የቀድሞውን ስም እያጠፉ፣ አዲሱን እየጻፉ መሄድ ይቻላል። ነገር ግን ይህ የአንድ ቀን ሙሉ ሥራ ነው፤ ከመቶኛው ፋይል በኋላ ዓይን ይፈዛል፣ ጣትም ይስታል። ሌላው መንገድ ሦስት ወይም አራት የትእዛዝ መስመር ጽፎ ኮምፒዩተሩ ራሱ እንዲሠራው ማድረግ ነው። ይህኛው በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ችግሩ ግን ጥፋቱም ቢሆን በጥቂት ሰከንድ የሚያልቅ መሆኑ ነው።

ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ሁለተኛው መንገድ ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየኮሌጁ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮችን የሚያስተዳድሩ፣ የጥናት ቁጥሮቻቸውን የሚያጣሩ፣ የቢሮ መዛግብትን በተራ የሚያስቀምጡ ወጣቶች በየቀኑ ይጠቀሙበታል። ይሁን እንጂ ትእዛዞቹን ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ የያዘ ሰው መስመሩ ሲሠራለት ለምን እንደ ሠራ፣ ሲያበላሽበትም ለምን እንዳበላሸ አያውቅም። ሲሠራ አለማወቁ ብዙም አይጎዳው ይሆናል፤ ሲያበላሽ አለማወቁ ግን የብዙ ዓመት ጽሑፍ ያስከፍላል።

ለመሆኑ ሼል ምንድን ነው? ቃሉ እንግሊዝኛ ሲሆን ቅርፊት ማለት ነው። የኮምፒዩተሩን ሥራ ከውስጥ ሆኖ የሚመራው ፕሮግራም «ፍሬ» ሲባል፣ በሰውና በፍሬው መካከል ቆሞ የተጻፈውን ትእዛዝ የሚቀበለው ደግሞ «ቅርፊት» ተባለ። ለዩኒክስ የመጀመሪያውን ሼል ኬን ቶምሰን በ1971 አወጣ፤ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን)። በ1979 ስቲቨን ቦርን የጻፈው ሼል ቦታውን ያዘ። በ1989 ደግሞ ብራያን ፎክስ ለግኑ ፕሮጀክት «ባሽ» የተባለውን ሠራ። ስሙ ቀልድ አለበት፤ ሲተነተን «እንደ ገና የቦርን ሼል» እንደ ማለት ሆኖ፣ በእንግሊዝኛው ድምፅ «ዳግም የተወለደ» ይመስላል። ዛሬ በአብዛኛው የሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ የሚገኘው ይኸው ባሽ ነው። የማክ ኮምፒዩተሮች ዋና ሼልም ባሽ ነበረ፤ ከ2019 ወዲህ ግን ወደ ዘመዱ ወደ ዚ ሼል ዞረዋል። በዚ ሼል አንዳንድ ነገር ስለሚለይ፣ ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ ስለ ባሽ መሆኑን አንባቢያችን ልብ ይበል። የትእዛዞቹን ስም እንደ አነባበባቸው በፊደላችን እንጽፋለን፤ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት ግን በላቲን ፊደል ነው።

ለሼል ትልቁን ኀይል የሰጠው «ቧንቧ» የሚባለው ዘዴ ነው። ዳግላስ ማክኢልሮይ ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ አንዱ ከአንዱ ጫፍ እየተቀጣጠሉ ቢሠሩ የሚል ሐሳብ በ1964 በማስታወሻ አስፍሮ ነበር፤ ሐሳቡ በዩኒክስ ላይ ሥራ ላይ የዋለው በ1973 ነው። አንዱ ፕሮግራም ከፋይሉ የሚፈለጉትን መስመሮች ይለቅማል፤ ሁለተኛው በተራ ይደረድራል፤ ሦስተኛው የተደጋገሙትን ይቆጥራል፤ በመካከላቸው የምትቆመው «|» የተባለችው ቀጥ ያለች ሰረዝ ብቻ ናት። እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያውቀው አንድ ትንሽ ሥራ ነው፤ ተቀጣጥለው ግን ትልቁን ይሠራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። ጀማሪ ሁሉ «የጻፍኩትን ትእዛዝ ፕሮግራሙ እንዳለ ያገኘዋል» ብሎ ያስባል። አያገኘውም። ሼል መስመሩን አስቀድሞ ራሱ ያነባል፤ በየቃሉ ይቆራርጠዋል፤ የዶላር ምልክት ያለበትን ስም በውስጡ በተቀመጠው ነገር ይተካል፤ ኮከብ (*) ያየበትን በፋይሎች ስም ዝርዝር ይለውጣል፤ ከዚያ በኋላ የተለወጠውን መስመር ለፕሮግራሙ ያስረክባል። ነገሩ አስተርጓሚ ባለበት ችሎት እንደ መቆም ነው፤ ዳኛው የሚሰማው እኛ ያልነውን ሳይሆን አስተርጓሚው ያለውን ነው። አስተርጓሚው ደግሞ ውሸታም አይደለም፤ ደንቡን ጠንቅቆ የሚከተል ነው። ደንቡን የማያውቀው ባለጉዳዩ ነው። በሼል ላይ የሚደርሰው ጣጣ ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ይመነጫል።

መጀመሪያ የክፍት ቦታን ነገር እንይ። አባቶቻችን ቃልን ከቃል የሚለዩት በሁለት ነጥብ (፡) ነበር፤ ዛሬ በክፍት ቦታ ተተክቷል። ለባሽ ክፍት ቦታ እንደ ሁለት ነጥብ ሙሉ ምልክት ናት፤ ልዩነቱ ለዓይን አለመታየቷ ነው። እንግዲህ አንድ ጸሐፊ «የሐምሌ ሪፖርት» ብሎ የሰየመውን ፎልደር ሊያጠፋ ፈለገ እንበል። የማጥፊያው ትእዛዝ አርኤም ነው፤ ፎልደርን ከነሙሉ ይዘቱ የሚያጠፋው አማራጭ ደግሞ አር ነው። ጸሐፊው «አርኤም -አር የሐምሌ ሪፖርት» ብሎ ቢጽፍ ሼሉ ሁለት ስም ያነባል፤ አንዱ «የሐምሌ»፣ ሁለተኛው «ሪፖርት»። «የሐምሌ» የሚባል ነገር ስለሌለ አርኤም አላገኘሁም ብሎ ያማርራል። ነገር ግን በዚያው ቦታ የመሥሪያ ቤቱ የአሥር ዓመት ጽሑፍ የተቀመጠበት «ሪፖርት» የሚባል ሌላ ፎልደር ካለ፣ እርሱ ከነሙሉ ይዘቱ ይጠፋል፤ ሊጠፋ የታሰበው የሐምሌው ግን በቦታው ተቀምጦ ይቀራል። በአርኤም የጠፋ ነገር ወደ ቆሻሻ ቅርጫት አይገባም፤ ጠፋ ማለት ጠፋ ነው።

ይህ የምሳሌ ወሬ ብቻ እንዳይመስል በ2011 የሆነውን እንናገር። ባምብልቢ የሚባል፣ በላፕቶፕ ላይ ሁለተኛውን የሥዕል መሥሪያ ቺፕ በሊኑክስ ለማሠራት የተጻፈ ፕሮግራም ነበር። መጫኛው ስክሪፕት «ዩኤስአር» በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ወደ ታች ብዙ ደረጃ ወርዶ የሚገኝ አንድ የቆየ ነገር እንዲያጠፋ ታዝዞ ነበር። ጻፊው ከ«ዩኤስአር» በኋላ አንዲት ክፍት ቦታ ጣት ስቶት ጨመረ። ስለዚህ መስመሩ ሁለት አድራሻ ሆነ፤ የመጀመሪያው አድራሻ «ዩኤስአር» ብቻ ነው። የኮምፒዩተሩ ፕሮግራሞች አብዛኛዎቹ የሚቀመጡት ደግሞ እዚያ ነው። ፕሮግራሙን ለመጫን ያሰበ ሰው ሌላውን ፕሮግራም ሁሉ አጣ።

መድኀኒቱ ትእምርተ ጥቅስ ነው። በድርብ ትእምርተ ጥቅስ ("...") የተከበበ ነገር ክፍት ቦታ ቢኖርበትም አንድ ቃል ሆኖ ያልፋል፤ ውስጡ ያለው የዶላር ስም ግን በይዘቱ ይተካል። በነጠላው ('...') የተከበበ ምንም ሳይነካ እንዳለ ያልፋል። እኛ በበኩላችን የምንይዘው ደንብ አጭር ነው፤ የዶላር ምልክት ያለበት ስም ሁሉ፣ ሌላ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ፣ በድርብ ጥቅስ ይከበብ። እዚህ ላይ ለአማርኛ ጸሐፊ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በጋዜጣችን የምንጠቀምበት «» ለሼል ትእምርተ ጥቅስ አይደለም፤ ተራ ፊደል ነው። በወርድ ሲጻፉ ወደ ጎን የሚታጠፉት ጥምዝ ጥቅሶችም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ስክሪፕትን በወርድ መጻፍ አይገባም። በዊንዶውስ ኖትፓድ የተጻፈም ቢሆን በየመስመሩ ጫፍ የማይታይ ምልክት ስለሚጨምር፣ ወደ ሊኑክስ ሲመጣ «እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም» የሚል እንግዳ ስሞታ ያስከትላል።

በፎልደር ውስጥ ባሉ ፋይሎች ላይ አንድ በአንድ መሥራት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ኤልኤስ የሚባለውን የዝርዝር ትእዛዝ ጠርቶ በውጤቱ ላይ ይዞራል። ይህ ዝርዝሩን አስነብቦ እንደ ገና በክፍት ቦታ ማስቆራረጥ ነው። ኮከብን በቀጥታ መጠቀም ግን እያንዳንዱን ስም ሙሉውን ይሰጣል፤ በውስጡ ክፍት ቦታ ቢኖርም አይሰበርም።

ሁለተኛው ጣጣ የባዶ ስም ነው፤ ይህ ከክፍት ቦታውም የከፋ ይመስለናል፤ ምክንያቱም መስመሩን ሰው ደጋግሞ ቢያነበው እንኳ ምንም ስሕተት አያይበትም። በጥር 2015 የታወቀውን የስቲምን ነገር እንውሰድ። ስቲም ጨዋታዎች የሚሸጡበትና የሚጫኑበት የታወቀ ፕሮግራም ነው። በሊኑክሱ ስክሪፕት ውስጥ ፕሮግራሙ የተቀመጠበትን ፎልደር አድራሻ ፈልጎ በአንድ ተለዋዋጭ ስም የሚይዝ መስመር ነበረ፤ ወደ ታች ደግሞ «በዚያ ስም ከተያዘው አድራሻ ቀጥሎ ሰረዝ (/)፣ ከሰረዙ በታች ያለውን ሁሉ አጥፋ» የሚል መስመር። ፎልደሩ ከቦታው ተዛውሮ ኖሮ ፍለጋው ሳይሳካ ሲቀር ስሙ ባዶ ሆነ። ከባዶ ቀጥሎ ሰረዝ ሲጻፍ የሚቀረው ሰረዝ ብቻ ነው፤ ሰረዝ ብቻውን ደግሞ በሊኑክስ የኮምፒዩተሩ ሥር፣ ማለት ሁሉም ነገር ያለበት ቦታ ነው። የተጠቃሚው ፋይሎች፣ ከጎን የተሰካው ዲስክ ሳይቀር፣ ተጠርገው ጠፉ። የሚያስገርመው ከዚያ መስመር በላይ ጻፊው በእንግሊዝኛ «ያስፈራል!» የሚል ማስታወሻ ትቶ መገኘቱ ነው። እንግዲህ ፈርቷል ማለት ነው፤ ፍርሃቱን ግን ወደ ትእዛዝ አልለወጠውም።

አንባቢያችን ልብ ይበል፤ በዚያ መስመር ላይ ጥቅሱ በሚገባ ተጽፎ ነበር። ጥቅስ ከክፍት ቦታ ያድናል እንጂ ከባዶነት አያድንም። ለባዶነቱ ባሽ ራሱ ሁለት መከላከያ አለው። አንደኛው በስክሪፕቱ መግቢያ ላይ «ሴት» የሚባለውን ትእዛዝ ከዩ አማራጭ ጋር መጻፍ ነው፤ (በእኛ ፊደል ሲጻፍ ሌላ ትርጉም ያመጣልና አንባቢ እንዳይስቅ እንለምናለን)። ይህ ሲጻፍ ከቶ ያልተሰየመ ተለዋዋጭ ሲጠራ ስክሪፕቱ ይቆማል። ነገር ግን ስሙ ተሰይሞ ይዘቱ ባዶ ከሆነ፣ ማለት ልክ ስቲም ላይ እንደ ደረሰው ከሆነ፣ ይህ አያስቆመውም። ያን የሚያስቆመው ሁለተኛው ነው፤ ስሙን በጠምዛዛ ቅንፍ ከብቦ በመጨረሻው ላይ ሁለት ነጥብና የጥያቄ ምልክት (:?) መጨመር። በእንዲህ ያለ አጻጻፍ ባሽ ስሙ ባዶ ሆኖ ባገኘው ጊዜ አርኤምን ሳይጠራ ስሞታ ጽፎ ይወጣል። ሁለት ምልክት ብቻ ነው፤ አንድ ዲስክ ያድናል።

ከዚሁ ጋር የሚዛመደው የሲዲ ነገር ነው። ሲዲ ወደ ሌላ ፎልደር መግቢያ ትእዛዝ ነው። በአንድ መስመር ወደ ጊዜያዊ ፎልደር ግባ፣ በሚቀጥለው መስመር ያገኘኸውን ሁሉ አጥፋ ተብሎ ሲጻፍ፣ ፎልደሩ ከሌለ ምን ይሆናል? ሲዲ ስሞታውን ይጽፋል፤ ባሽ ግን ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል። የሚጠፋው እንግዲህ ሰውዬው ቆሞ በነበረበት ቦታ ያለው ነው። ሁለቱን ትእዛዝ በ«&&» ማሰር ይገባል፤ የመጀመሪያው ካልተሳካ ሁለተኛው አይነሣም።

ብዙ መምህራን «በየስክሪፕቱ መግቢያ ሴትን ከኢ አማራጭ ጋር ጻፉ፤ ስሕተት ባለበት ይቆማል» ብለው ያስተምራሉ። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሰው እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አሥሮት እንዲተኛ አንወድም። በ«ኢፍ» ጥያቄ ውስጥ የተሳሳተ ትእዛዝ አያስቆመውም፤ ከ«&&» በፊት ያለው አያስቆመውም፤ በቧንቧ ከተቀጣጠሉትም የመጨረሻው ብቻ ነው የሚታየው። የፊተኞቹ ቢወድቁ እንዲታወቅ «ፓይፕፌል» የሚባለውን አማራጭ ለብቻ መጨመር ያስፈልጋል።

የማጥፋት ወይም ስም የመለወጥ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሼሉ መስመሩን ወደ ምን እንደ ለወጠው ማየት ይቻላል። የተለመደው ዘዴ ከትእዛዙ ፊት ኤኮ የሚለውን ቃል መጨመር ነው፤ ያን ጊዜ ትእዛዙ ሳይፈጸም በስክሪኑ ላይ ተጽፎ ብቻ ይታያል። ኮከቡ የትኞቹን ፋይሎች እንደ ሰበሰበ፣ የዶላሩ ስም ባዶ መሆን አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል። ኤኮ ግን የክፍት ቦታውን ጣጣ ይደብቃል፤ ሁለት ቃል የሆነውንም አንድ የሆነውንም በመካከሉ ክፍት ቦታ አድርጎ አንድ ዓይነት ይጽፈዋልና። ለዚህ ፕሪንትኤፍ ይሻላል። የመቶኛ ምልክትና የኤስ ፊደል በሁለት ቅንፍ መካከል ቢጻፉ፣ ወደ ኋላ ያዘነበለው ሰረዝና ኤን ደግሞ ቢከተሉ፣ እያንዳንዱ ቃል በየራሱ ቅንፍ ውስጥ ሆኖ በየመስመሩ ይወርዳል። የሐምሌው ሪፖርት በሁለት ቅንፍ ተከፍሎ ሲታይ ሰው እጁን ይሰበስባል።

ሼል ከፕሮግራሙ ቀድሞ እንደሚሠራ የሚያሳይ ሌላም ምሳሌ አለ። «>» የሚለው ምልክት የትእዛዝን ውጤት ወደ ፋይል ይጽፋል፤ በፋይሉ ውስጥ የነበረውን ግን ያጠፋል። «>>» በነበረው ላይ ይጨምራል። እስከዚህ ሁሉም ያውቃል። አንድ ሰው ግን የሰዎችን ስም ዝርዝር በፊደል ተራ ለመደርደር ሶርት የሚባለውን ትእዛዝ ጠርቶ ውጤቱን እዚያው ፋይል ላይ ቢመልሰው፣ የሚያገኘው ባዶ ፋይል ነው። ለምን ቢባል፣ ሼል ሶርትን ከማስነሣቱ በፊት «>» ያየበትን ፋይል ከፍቶ ባዶ ያደርገዋል፤ ሶርት ሲደርስ የሚደረደር ነገር የለም። ሶርት ለዚሁ ሲባል ኦ የሚባል የራሱ አማራጭ አለው፤ በእርሱ ሲታዘዝ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ይጽፋል።

ስክሪፕቱን ሳያስነሡ አጻጻፉን ብቻ ለማስመርመር ባሽን ከኤን አማራጭ ጋር መጥራት ነው፤ በኤክስ አማራጭ ከተጠራ ደግሞ እያንዳንዱን መስመር ከለወጠው በኋላ እያሳየ ይሠራል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ሼልቼክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። ስክሪፕቱን አንብቦ ጥቅስ የጎደለበትን፣ ሲዲ ሳይታሰር የቀረበትን፣ እንደ ስቲሙ ያለውን አደገኛ ማጥፊያ ሳይቀር በመስመር ቁጥር ያመለክታል። በማናቸውም መምህር ቤት እንዲህ ያለ ታጋሽ አራሚ አይገኝም።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ለሚሠሩ ጥቂት ነገር ጨምረን እንለፍ። በግሬፕ ቃል ሲፈለግ ፊደሎቻችን ችግር ያመጣሉ። «ፀሐይ» ብለን ብንፈልግ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኘውም፤ ለእኛ አንድ ድምፅ የሆነው ለግሬፕ የተለያየ ፊደል ነውና። በማእዘን ቅንፍ አማራጮቹን መስጠት ነው፤ [ፀጸ][ሐሀኀሃ]ይ ተብሎ ሲጻፍ በእነዚህ ፊደሎች የተጻፈውን ሁሉ ይለቅማል። ይህ የሚሠራው የኮምፒዩተሩ የቋንቋ ቅንብር ዩቲኤፍ 8 ሲሆን ነው። ፊደል ስናስቆጥርም እንዲሁ ጥንቃቄ ያሻል፤ «ሰላም» ሦስት ፊደል ይሁን እንጂ በዩቲኤፍ 8 ዘጠኝ ባይት ነው። ደብልዩሲ የሚባለው ቆጣሪ በሲ አማራጭ ባይቱን፣ በኤም አማራጭ ፊደሉን ይቆጥራል።

በመጨረሻ የቀን ነገር አለ። ፋይሎችን በዓመት፣ በወርና በቀን ቁጥር መሰየም መልካም ልማድ ነው፤ ወሩ በሁለት አኀዝ ከተጻፈ ዝርዝሩ ራሱ በጊዜ ተራ ይቆማል። ነገር ግን ባሽ በሒሳብ ውስጥ በዜሮ የሚጀምርን ቁጥር በስምንት ቤት አቆጣጠር ያነበዋል፤ በዚያ አቆጣጠር ደግሞ ስምንትና ዘጠኝ የሚባሉ አኀዞች የሉም። ስለዚህ የወሩን ቁጥር በሒሳብ የሚያሰላ ስክሪፕት ከመስከረም (01) እስከ መጋቢት (07) ያለ ችግር ሠርቶ፣ በሚያዝያ (08) መባቻ በስሕተት ይቆማል፤ ግንቦትም (09) እንዲሁ ነው፤ በሰኔ (10) ማንም ሳይነካው እንደ ገና ይነሣል። በሁለቱ ወር ውስጥ ስንት ሰው ኮምፒዩተሩን እንደሚወቅስ መገመት አያዳግትም። ከቁጥሩ በፊት 10# ቢጻፍ በአሥር ቤት እንዲያነበው ይገደዳል። ጳጉሜን (13) በተራ አሰላለፍ ላይ ምንም አታስቸግርም፤ የሊኑክሱ የቀን ትእዛዝ ግን ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ እንዲያነባት ቢሰጡት ልክ ያልሆነ ቀን ነው ብሎ ይመልሳል፤ ስለዚህ በፋይል ስም ላይ እንደ ተራ ጽሑፍ ትቆይ እንጂ ለእርሱ አትሰጥ።